አንድ ሽጉጥ፣ ሁለት አፈሙዝ

በአሜሪካ የመሣሪያ መደብሮች መስታወት ስር ከሚደረደሩት ያገለገሉ ሽጉጦች መካከል ዋጋቸው ዝቅ ብሎ የሚገኙት ብዙ ጊዜ ፖሊሶች የመለሷቸው ግሎክ 22 እና ግሎክ 23 ናቸው። ስላይዳቸው ከማኅደሩ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ጠርዝ ጠርዙ ነጥቷል። ውስጣቸው ግን ደኅና ነው፤ የፖሊስ ሽጉጥ ዘመኑን የሚፈጀው ወገብ ላይ እንጂ በተኩስ አይደለም። ገዢው በሽጉጡ ዋጋ ደስ ብሎት ወደ ጥይቱ መደርደሪያ ሲዞር ፊቱ ይቀየራል። እነዚህ ሽጉጦች የሚጎርሱት ነጥብ 40 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባለውን ጥይት ነው፤ እሱም ከተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ይወደዳል። ሻጩ ታዲያ ነገሩን በአንድ አፍ ይጨርሰዋል፦ «የ9 ሚሊ አፈሙዝ ገዝተህ ክተትበት።»

ምክሩ ለዚያ ሽጉጥ ልክ ነው። ለሌላው ግን ግማሽ እውነት፣ አንዳንዴም አደጋ ይሆናል። አፈሙዝ በመቀየር ብቻ ካሊበር የሚለወጥበት ጊዜ አለ፤ ካዝናው፣ ሞላውና ቀለህ ሳቢው ጥፍር አብረው የሚለወጡበት አለ፤ ስላይዱ እንዳለ ተነሥቶ ሌላ የሚተካበትም አለ። ይህን የሚወስነው ብዙ ሰው እንደሚያስበው የአፈሙዙ ቀዳዳ ሳይሆን የጥይቱ ቂጥ ነው። ሰዎች ለምን እንደሚለውጡ ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ ከሽጉጡ ይልቅ በጥይት ገበያውና በሕጉ ውስጥ ይገኛል። ይህ ዳሰሳም በሁለቱ ዙሪያ ይመላለሳል።

ነጥብ 40 በየመደብሩ እንዴት እንደተከማቸ ታሪኩ አጭር ነው። ኤፕሪል 11 ቀን 1986 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኤፍቢአይ መርማሪዎች በማያሚ ሁለት ዘራፊዎችን መንገድ ላይ ገጠሟቸው። ሁለት መርማሪዎች ሞቱ፤ አምስት ቆሰሉ። በኋላ ሲመረመር አንዲት የ9 ሚ.ሜ. አረር የአንዱን ዘራፊ ክንድ ጥሳ ደረቱ ውስጥ ከገባች በኋላ ልቡ ጋ ሳትደርስ ቆማ ተገኘች። ሰውየው ከዚያ በኋላም ሲተኩስ ስለነበር መሥሪያ ቤቱ ጥፋቱን በጥይቱ ላይ ጣለ። በምትኩ 10 ሚ.ሜ. ተመረጠ፤ ምቱ ለብዙው ሰው ከበደና ባሩዱ ተቀነሰለት። ባሩዱ ከተቀነሰ ቀለሁ ምን ያረዝመዋል ያሉት ስሚዝ ኤንድ ዌሰንና ዊንችስተር አሳጥረው በጃንዋሪ 1990 ነጥብ 40ን አወጡ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ለራሱ ጥይት የሠራውን ሽጉጥ ሳያደርስ የኦስትሪያው ግሎክ 22 ቀድሞት ገበያ ላይ ዋለ። በርካታ የአሜሪካ ፖሊስ መምሪያዎችም ታጠቁት። በ2010ሮቹ አጋማሽ ኤፍቢአይ ራሱ የ9 ሚ.ሜ. አረር አሠራር ተሻሽሏል፣ ምቱም ቀላል ነው ብሎ ተመለሰ፤ መምሪያዎቹም ተከተሉት። ርካሾቹ ሽጉጦች የመጡት ከዚህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ሐሳቡን በመቀየሩ የአንድ አገር የሽጉጥ ገበያ ሁለት ጊዜ ተገለበጠ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ብረቱ። ግሎክ 22 ለውልወላ ሲፈታ ጠረጴዛው ላይ አራት ነገር ይቀመጣል፦ ቃታና እጀታ ያለው የታች አካል፣ ከላይ የሚንሸራተተው ስላይድ፣ ሞላው ከነዘንጉ፣ እና አፈሙዙ። አፈሙዙ በብሎን አልታሰረም፣ አልተበየደም። በኋላው በኩል ያለው አራት ማዕዘን ጉብታ ቀለህ በሚወጣበት መስኮት ውስጥ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ከስሩ ያለው ጥርስ ደግሞ ሽጉጡ ሲተኮስ የአፈሙዙን ኋላ ወደ ታች ስቦ ከስላይዱ ያላቅቀዋል። ይህ ዘንበል የሚል አፈሙዝ የጆን ብራውኒንግ ሐሳብ ነው፤ በ1911ዱ ኮልት ላይ የታወቀ፣ ዛሬም የአብዛኛው የጦርና የፖሊስ ሽጉጥ መሠረት። የአፈሙዝ ንግድ የተፈጠረውም በዚህ አሠራር ምክንያት ነው፤ ባለቤቱ ያለ ምንም ልዩ መሣሪያ የሚያወጣውና የሚመልሰው ነገር ስለሆነ ሌላ ሠርቶ መሸጥ ይቻላል።

ይሁንና የግሎክ 17ን፣ ማለትም በፋብሪካ 9 ሚ.ሜ. ሆኖ የተወለደውን ሽጉጥ አፈሙዝ፣ አንሥቶ 22 ውስጥ መክተት አይሆንም። ሁለቱ ከውጭ መንታ ቢመስሉም የ22ቱ አፈሙዝ ይወፍራል፤ የ17ቱ ሲገባበት ይዋልላል። የሚሸጠው መለወጫ አፈሙዝ ከውጭ የነጥብ 40ን ልክ የያዘ፣ ከውስጥ ግን ለ9 ሚ.ሜ. የተበሳ ነው። ቀዳዳው ስለጠበበ ግድግዳው ይወፍራል፣ ሽጉጡም ትንሽ ይከብዳል፤ ከቀላሉ ጥይት ጋር ተደምሮ ምቱ ለስላሳ ይሆናል። ተኳሾች ይህን ይወዱታል።

ችግሩ ያለው ስላይዱ ላይ ነው፤ እሱ አልተለወጠም። የነጥብ 40 ቀለህ ቂጡ 10.77 ሚ.ሜ. ይሰፋል፤ የ9 ሚ.ሜ.ው 9.96። ስላይዱ ውስጥ ቂጡ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ለሰፊው ተብሎ የተቆረጠ ስለሆነ ጠባቡ ሲገባ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚያንስ ክፍተት ይተርፋል። ከእግር አንድ ቁጥር የሰፋ ጫማ እንደ መጫማት ነው፤ ይሄዳል፣ ግን ይንሸራተታል። ሳቢው ጥፍር ቀለሁን ጠርዙ ላይ ነክሶ መጎተት አለበት፤ ክፍተቱ ሲኖር ንክሻው ይቀንሳል። በብዙው ሽጉጥ ላይ ምንም ሳይሰማ ያልፋል። በአንዳንዱ ግን ባዶው ቀለህ ወደ ጎን መወርወሩን ትቶ ወደ ተኳሹ ግንባር ይመጣል፣ ወይም መስኮቱ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ስለዚህ ጠንቃቆቹ ጥፍሩንና ወርዋሪውን በ9 ሚ.ሜ. ይቀይራሉ፤ ካዝናውንማ የማይቀይር የለም፣ የነጥብ 40 ካዝና ከንፈሩ ለቀጭኑ ጥይት ሰፊ ነውና። «አፈሙዝ ብቻ» የተባለው ነገር በጥንቃቄ ሲሠራ አራት ዕቃ ሆነ።

የጥይትን ዝምድና በቂጡ መቁጠር የተጀመረው ግን ከግሎክ በፊት ነው። ሁጎ ቦርቻርድት በ1893 ለሠራው ሽጉጥ የተበጀው 7.65 ሚ.ሜ. ጥይት ቂጡ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ማውዘር ያንኑ ወስዶ ለሲ96 ሽጉጡ አደረገው። ጌኦርግ ሉገር አሳጥሮ ለራሱ ሽጉጥ አዋለው፤ ስዊዘርላንድም በ1900 ተቀበለችው። ጀርመኖች ትልቅ አረር ሲፈልጉ ሉገር አዲስ ጥይት አልነደፈም፤ አንገቱ ጠበብ ያለውን ቀለህ አንገቱን ከፍቶ 9 ሚ.ሜ. አረር አስገባበት። ቂጡ ያው፣ ርዝመቱ ተቀራራቢ፣ ካዝናው ያው። በሉገር ሽጉጥ ላይ የሚለወጠው አፈሙዙ ብቻ ሆነ። ዛሬ ዓለም የሚተኩሰው 9 ሚ.ሜ. ፓራቤለም ራሱ የአፈሙዝ ቅያሪ ውላጅ ነው።

ጀርመን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቬርሳይ ውል ስትታሰር ይኸው ዝምድና ወደ ኋላ ሠራ። 9 ሚ.ሜ. የጦር ጥይት ነው ተብሎ ስለተገደበና ረጅም አፈሙዝም ስለተከለከለ፣ ከጦርነቱ የተረፉ ሉገሮች ባለ 7.65 ሚ.ሜ. አጭር አፈሙዝ እየተገጠመላቸው ለሲቪል ገበያና ለውጭ አገር ተሸጡ። ብዙዎቹ አሜሪካ ገቡ። ሰብሳቢዎች ዛሬ እነዚያን ሽጉጦች ሲያገላብጡ በአንድ አካል ላይ ሁለት ዘመን ያነባሉ፤ የጦሩ ማኅተም ከላይ፣ የሲቪሉ አፈሙዝ ከፊት።

የሶቪየቱ ቶካሬቭም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ጥይቱ 7.62 በ25 ከማውዘሩ የተቀዳ ስለሆነ ቂጡ ከ9 ሚ.ሜ. ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ያ የጫማ ቁጥር ጣጣ እዚህ የለም። ሃንጋሪዎች በ1950ዎቹ መጨረሻ ለግብፅ ቶካጂፕት 58 የተባለ ባለ 9 ሚ.ሜ. ቶካሬቭ ሠሩ፤ የቻይናው ኖሪንኮም የራሱን 9 ሚ.ሜ. ወደ አሜሪካ ላከ። በዚያው አገር በርካሽ ይገኝ የነበረው የምሥራቅ አውሮፓ ትርፍ 7.62 ጥይት እየሳሳ ሲሄድ ለቶካሬቭና ለቼኩ ሲዜድ 52 የ9 ሚ.ሜ. አፈሙዝ ገዢ አገኘ። ሽጉጡ አልተበላሸም፣ ማንም አልጠላውም፤ የሚበላው አለቀበት።

በነጥብ 40 ቤተሰብ ውስጥ ሉገር የሠራውን ተገላቢጦሽ እናገኛለን። በ1994 ሲግ ሳወርና ፌዴራል የነጥብ 40ን ቀለህ አንገት አጥብበው የ9 ሚ.ሜ. ያህል አረር ያዘለ ነጥብ 357 ሲግ የተባለ ፈጣን ጥይት አወጡ። ቂጡ ያው ነው፤ ካዝናው ያው፤ የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመትም እዚያው ነው። ሲግ ፒ229ን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዞር አፈሙዝ ማውጣትና ሌላ ማስገባት በቂ ነው፤ ፋብሪካው ራሱ ሁለቱን ይሸጥ ነበር። በእኔ ሚዛን ከካሊበር ለውጥ ሁሉ ንጹሑ ይህ ነው። ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው ሴክሬት ሰርቪስና የቴክሳስ ሕዝብ ደኅንነት መምሪያ ነጥብ 357 ሲግን ለዓመታት ታጥቀዋል። ጥይቱ ራሱ ግን ውድና ጯሂ ስለሆነ ዛሬ ደንበኛው ጥቂት ነው። በቴክኒክ እንከን የሌለው ለውጥ በገበያ ተሸነፈ።

ጥሩ ገጠመ የተባለ አፈሙዝ የራሱ አደጋ አለው፤ ስላይዱ ላይ «40» ተጽፎ ውስጡ 9 ሚ.ሜ. ሲሆን፣ ወይም አፈሙዙ ወደ 40 ከተመለሰ በኋላ የ9 ሚ.ሜ. ካዝና ሲገባበት። 9 ሚ.ሜ. ጥይት በነጥብ 40 መጉረሻ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ይተኮሳል። ቀለሁ ይነፋል ወይም ይሰነጠቃል፤ አረሩ ቀዳዳውን ስለማይሞላው ጥምዝ ቦዩን ሳይነክስ እየተንገዋለለ ይወጣል። ጀርመኖች ይህን ችግር በ1916 አውቀውታል። ጦሩ ከማውዘር 150,000 ሲ96 ሽጉጥ በ9 ሚ.ሜ. ሲያዝ፣ የዱሮዎቹ 7.63 ስለነበሩ፣ በአዲሶቹ የእንጨት እጀታ ላይ ትልቅ የ9 ቁጥር ተቀርጾ ቀይ ቀለም ተቀባ። ሰብሳቢዎች እስካሁን «ቀይ ዘጠኝ» ይሉታል። ሁለት አፈሙዝ ያለው ሰው ሁሉ ከዚህ ቢማር አይጎዳም፤ ካዝናውን በቀለም መለየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የአፈሙዙ መስኮት ላይ የተጻፈውን ካሊበር ሳያዩ ማጉረስ ደግሞ ስንፍና ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የግፊት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ከሽጉጥ ወጥቼ አገራችን በደንብ የምታውቀውን ጠመንጃ ልጥቀስ። በዓድዋ የጣሊያን ጦር በብዛት የያዘው 10.4 ሚ.ሜ. ቬተርሊ ነበር፤ ከዚያም ጦርነት በሺዎች የሚቆጠር ጠመንጃ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። አዲሱ 6.5 ሚ.ሜ. ካርካኖ በዚያን ጊዜ በጣሊያን ተሠርቶ ነበር፤ በቅኝ ግዛቱ ያለው የጥይት ክምችት ግን የአሮጌው ነበር፤ ዞሮ ዞሮ ጠመንጃውን የመረጠው ጥይቱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ጠመንጃ ሲያጥራት እነዚያን ቬተርሊዎች ከመጋዘን አወጣች። አፈሙዛቸውን አሰፉና 6.5 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ያለው ቱቦ ውስጡ ሰደዱበት፤ ካዝናውንም ለውጠው ለኋላ ደጀን ጦር አደሉት። አፈሙዙ አዲስ ጥይት ይዞ ነበር፤ መዝጊያው ግን ለጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራው ያው የዱሮው ነው። የካርካኖ ጥይት የሚፈጥረው ግፊት ከዚያ መዝጊያ አቅም በላይ ስለሆነ፣ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ቬተርሊ የሚገዛ ሰብሳቢ በሙሉ ጥይት እንዳይተኩስበት ይመከራል።

ሽጉጥም ያው ነው። አዲሱ አፈሙዝ ከጥሩ ብረት ሊሠራ ይችላል፤ ግፊቱን የሚሸከመው ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ ስላይዱ፣ የሚቆለፍበት ጥርስና የታች አካሉም ይካፈላሉ። የአሜሪካ አምራቾች መለኪያ ለነጥብ 45 ኤሲፒ ጥይት የሚፈቅደው ከፍተኛ ግፊት 21,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፤ 9 ሚ.ሜ.ም ነጥብ 40ም 35,000 ናቸው፤ ነጥብ 357 ሲግ 40,000። ስለዚህ ከነጥብ 40 ወደ 9 መውረድ በግፊት በኩል እኩል ለእኩል ነው፤ ወደ 357 መውጣት ትንሽ ዳገት አለው። በነጥብ 45 ሽጉጥ ላይ ነጥብ 460 ሮውላንድ የሚባለውን አፈሙዝ መግጠም ግን ግፊቱን ወደ 40,000፣ እጥፍ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው፣ መስቀል ነው። ሠሪዎቹ ጠንካራ ሞላና አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚታሰር የምት ማብረጃ አብረው የሚሸጡት ለጌጥ አይደለም። የቀለሁንም ርዝመት ጥቂት አስረዝመውታል፤ ይህ ጥይት ተሳስቶ ተራ ነጥብ 45 ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ።

አፈሙዛቸው ጨርሶ የማይወጣም አሉ። እኛ ዘንድ ስሙ የታወቀው ማካሮቭ ከእነዚህ ነው፤ አፈሙዙ በታች አካሉ ላይ በኃይል ተጨቁኖ ገብቶ በፒን ታስሯል። በ1990ዎቹ ማካሮቭ አሜሪካ በገፍ ሲገባ ጥይቱ እንደልብ አይገኝም ነበርና ነጥብ 380 አፈሙዝ ተሠራለት። ሁለቱም በስም «9 ሚሊ» ቢባሉም የማካሮቭ አረር 9.27 ሚ.ሜ.፣ የነጥብ 380ው 9.02 ነው። አፈሙዙን መቀየር ግን መጭመቂያ ማሽንና የሚያውቅ እጅ ይጠይቃል፤ የጠረጴዛ ላይ ሥራ አይደለም። ጥይቱ በኋላ በርከት ብሎ ሲመጣ ያ ሁሉ ድካም ትርጉም አጣ።

ወደ ነጥብ 22 መውረድ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ጥይቷ ትንሽና ርካሽ ናት፤ ለልምምድ የሚመኛት ብዙ ነው። ነገር ግን መለኮሻ ባሩዷ ያለው በቂጧ መሐል ሳይሆን በጠርዟ ስለሆነ የሽጉጡ መምቻ መርፌ ቦታውን ይስታል፤ ጉልበቷም ከባዱን ስላይድ ወደ ኋላ ለመግፋት አይበቃም። አፈሙዝ ብቻ ለውጦ ማምለጥ እዚህ የለም። ኮልት በ1931 ኤስ የተባለ ባለ ነጥብ 22 ሽጉጥ አወጣ፤ በኋላ ግን ጉልበቱን የሚያባዛለት ሰው ተገኘ። ዴቪድ ማርሻል ዊሊያምስ የሰሜን ካሮላይና ሰው ነው፤ አረቄ ሲያወጣ ሊይዙት ከመጡት አንድ ምክትል ሸሪፍ ተገድሎ ዊሊያምስ ተፈረደበትና 1920ዎቹን ወኅኒ አሳለፈ። እዚያው በወኅኒው የብረት ሥራ ክፍል ጠመንጃ ይነድፍ ነበር። ከፈጠራዎቹ አንዱ ከአፈሙዙ ተለይቶ ጥቂት የሚንቀሳቀስ መጉረሻ ነው፤ ጋዙ ፊቱን ሲመታው ስላይዱን እንደ ትልቅ ጥይት አድርጎ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ኮልት በዚህ የተሠራውን የመለወጫ ዕቃ በ1938 መሸጥ ጀመረ። የሰውየው ታሪክ በ1952 ጄምስ ስቱዋርት የሠራበት ፊልም ሆኗል።

ከሁሉም ደስ የሚለኝ መፍትሔ ግን የጀርመኑ ሄክለር ኤንድ ኮህ ኤችኬ4 ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የወጣ የኪስ ሽጉጥ፣ ስሙም በሚቀበላቸው አራት ካሊበሮች ቁጥር የወጣ። በአንድ ሣጥን ውስጥ ነጥብ 22፣ 25፣ 32 እና 380 አፈሙዞች ከነሞላቸውና ከነካዝናቸው ይመጣሉ። ስላይዱ ውስጥ የቀለሁ ቂጥ የሚያርፍበት ትንሽ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ሲገለበጥ መርፌው ከመሐል ወደ ጠርዝ መምታት ይዛወራል። ሌሎች ሙሉ ስላይድ የሚሸጡለትን ችግር አንዲት ገልባጭ ብረት ፈታችው። ሽጉጡ ከ1980ዎቹ አልፎ አልተሠራም፤ አራት አፈሙዝ የሚያስፈልገው ሰው ከሚገመተው በላይ ጥቂት ሳይሆን አልቀረም።

ሕጉ ጋ ስንደርስ አገር በአገር ይለያያል፤ ልዩነቱም የአፈሙዙን ንግድ ራሱን ይቀርጸዋል። በአሜሪካ የ1968ቱ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መሣሪያ ብሎ የሚቆጥረው ቁጥር የተመታበትን የታች አካል ነው። በፌዴራል ሕግ አፈሙዝ ዕቃ ነው፤ በፖስታ ቤት ይመጣል። ግዛቶች የየራሳቸው ተጨማሪ ሕግ ስላላቸው ቨርጂኒያ ወይም ሚኒሶታ የሚኖር ወገን ሌላ ግዛት ያለ ዘመዱ የነገረውን ይዞ መግዛት የለበትም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ አፈሙዝ ከመሣሪያው ዋና አካላት ውስጥ ተቆጥሯል፤ ምልክት ይመታበታል፣ ገዢው እንደ ሽጉጡ ፈቃድ ያሳያል። በ1914 የተመሠረተው የመሣሪያ ፍተሻ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን አባል በሆኑት አገሮች አፈሙዝ ከመሸጡ በፊት ከተፈቀደው ግፊት በ30 በመቶ በሚበልጥ ጥይት ይፈተናል። አሜሪካኖቹ ይህን ግዴታ አያውቁትም፤ የአምራቾቻቸው መለኪያ በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነው። እኔ ብጠየቅ አውሮፓዊው አሠራር ቢያታክትም ለገዢው ጣት ይሻላል እላለሁ።

ሕግ ጥይት ሲወልድ ማየት የፈለገ ጣሊያንን ይይ። 9 ሚ.ሜ. ፓራቤለም የጦር ጥይት ነው ተብሎ ለሲቪል ተከልክሎ ስለኖረ፣ የእስራኤል ወታደራዊ ኢንዱስትሪ ቀለሁን ሁለት ሚሊ ሜትር ያስረዘመና 9 በ21 የተባለ ጥይት አወጣ። ጠቅላላ ርዝመቱ ከዋናው ጋር እኩል ነው፤ አረሩ ትንሽ ጠልቆ ስለሚቀመጥ። ካዝናው፣ ስላይዱ፣ ሞላው አንድም ነገር አይለወጥም፤ መጉረሻው ብቻ በሁለት ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። ጣሊያናውያን ለአሥርተ ዓመታት ዓለም የሚያውቀውን ሽጉጥ በሌላ አፈሙዝ ገዝተው ኖሩ። ሕጉ በ2021 መጨረሻ ሲሻሻል መራዘሙ ያስፈለገበት ምክንያት ጠፋ። ከዚያ በፊት የነበረው ክልከላ ማንን ከምን እንዳዳነ የሚያስረዳ ሰው አላገኘሁም።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ የገበያ ጥያቄ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሣሪያን ከፈቃድ ጋር አስሮታል፤ የመለዋወጫ አፈሙዝ መደብርም የለም። ነገር ግን መሣሪያን በጥይቱ መገኘት የመመዘን ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በምኒልክ ዘመን ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ጥይቱ የማይገኝለት ጠመንጃ ምን ያህል እንደሚያወጣ ሻጭም ገዢም ያውቁት ነበር።

ለተግባሩ ሰው የቀረው ጥራትና ጥቅም ነው። መለወጫ አፈሙዝ ሁለት ዓይነት ይመጣል፤ እንደመጣ የሚገባና ባለሙያ በሞረድ እያስማማ የሚያስገባው። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፣ ለልምምድም ይበቃል። ሁለተኛው ከፋብሪካው አፈሙዝ አልቆ ሊመታ ይችላል፤ ይህን የሚያይ ግን በደንብ የሚተኩስ ሰው ብቻ ነው። ብዙ ሠሪዎች «የውድድር» የሚሉት መጉረሻ ጠበብ ያለ ስለሆነ ፋብሪካው አፈሙዝ ያለ ቅሬታ የሚቀበለውን ጥይት ይተፋል። ፈተናው ቀላል ነው፤ አፈሙዙን አውጥቶ ጥይቷን ወደ መጉረሻው መጣል። ጠቅ ብላ ከገባች፣ በጣት ስትዞር ከዞረችና ሲገለብጡት ከወደቀች ትስማማለች። እርሳስ አረር ለሚተኩሱም የተለየ ምክንያት አለ፤ ግሎክ በመመሪያው ልባስ የሌለው እርሳስ በፋብሪካው አፈሙዝ እንዳይተኮስ ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ ካሊበር ሳይለውጡ አፈሙዝ የሚለውጡም ጥቂት አይደሉም።

ወጪውን በተመለከተ አፈሙዝ፣ ካዝናና ጥፍር ተደምረው በጥይት ዋጋ ልዩነት እስኪመለሱ ድረስ ብዙ መቶ ጥይት ያስተኩሳሉ። በወር አንዴ ሜዳ የሚወጣ ሰው ቶሎ አይመልሰውም። በ2020 እና 2021 ግን ስሌቱ ተናግቷል፤ የጥይት እጥረት መጥቶ 9 ሚ.ሜ. ከመደርደሪያ ሲጠፋ ሁለት አፈሙዝ ያላቸው ሰዎች የተገኘውን ገዝተው ሲተኩሱ ሌላው ባዶ እጁን ቆመ። ከርካሽነቱ ይልቅ ይህ ምርጫ ማግኘት ዋናው ጥቅም ይመስለኛል። ለራስ መከላከያ ለሚታጠቁት ሽጉጥ ግን የተለወጠ አፈሙዝ አልመርጥም፤ የጥፍሯ ንክሻ በቀነሰ ሽጉጥ ላይ ነፍስን ማሳደር አያስፈልግም። የፋብሪካውን አፈሙዝና የፋብሪካውን ጥይት መልሶ መታጠቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ፋብሪካዎቹም ሐሳቡን ወስደውታል። ሲግ በ2007 ፒ250ን፣ በ2014 ፒ320ን ሲያወጣ ሕጋዊው ሽጉጥ ከውስጥ የምትወጣ ትንሽ የብረት ሣጥን ሆነች፤ ቁጥሩ የተመታው እሷ ላይ ነው። ስላይዱ፣ አፈሙዙ፣ እጀታው ሁሉ በዙሪያዋ ይለዋወጣሉ፤ ስላይዱ አብሮ ስለሚለወጥም የሰፊ ጫማው ችግር የለም። ኩባንያው ካሊበር መለወጫውን እንደ ዋና መስህብ አስተዋወቀው። በጃንዋሪ 2017 የአሜሪካ ጦር ፒ320ን ኤም17 ብሎ ሲመርጥ በ9 ሚ.ሜ. ወሰደው፤ ሲቪሉ ገዢም በብዛት የሚጠይቀው ያንኑ ነው። የነጥብ 40 መለወጫ ዕቃ ፈላጊው እየሳሳ ሲሄድ፣ ከነጥብ 40 ወደ 9 የሚያወርደው አፈሙዝ ግን አሁንም ይሸጣል፤ ፖሊሶች የመለሷቸው ግሎኮች ገና አላለቁም።